«ባደረበት ሕመም» እያልን እስከ መቼ?

እኛ የሰው የሕይወት ታሪክ ማንበብ እንወዳለን፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ! በቀብር ላይ የሚነበበውን ወረቀት እስቲ ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ሟች የተወለደበት አውራጃ፣ ፊደል የቆጠረበት ደብር፣ የሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የተሸለማቸው ሜዳሊያዎች፣ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ቁጥር ሳይቀር አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ምን ገደለው? የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ጸሐፊው ብዕሩን ያጥፋል። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ይልና ወደ ዕለቱና ወደ ሰዓቱ ይሻገራል። የምን ሕመም? ከማን ወረሰው? ለማንስ አወረሰው? ዝም!

ዝምታው ለሟች ክብር ነው ይሉናል። እሺ፣ ይሁን። ሟች አንዴ አልፏል፤ አፈሩን ያቅልልለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ከድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ለብሰው የተቀመጡት የልጆቹ፣ የወንድሞቹና የእህቶቹ ነገር ነው። ቤቱንና የባንክ ደብተሩን ፍርድ ቤት ሄደው፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ይካፈሉታል። የሕመሙን ወረቀት ግን ማንም አይካፈለውም። አንዳንዴ ደግሞ ከንብረቱ ሁሉ ቀድሞ የተላለፈው እሱ ነው። ያውም ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ምስክር!

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የጉበትን ነገር ነው።

ሦስቱ ምክንያቶቻችን

በእኛ ሰፈር ጉበት ሲነሳ ሰው የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው «የወፍ በሽታ» ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ ሸናበት ይባልና ወደ ባለ መድኃኒቱ ይኬዳል። ሁለተኛው መጠጥ ነው። «እገሌን ጉበቱን አመመው» ከተባለ ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥና በሆዱ ግን «ያው ሲጋተው የኖረው ነዋ!» ይላል። ሦስተኛው «አበሉት» የሚለው ነው። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ እግሩ አብጦ፣ ደም አስመልሶት የሞተን ሰው ጠላት አበላው እየተባለ ስንቱ ጎረቤት ከጎረቤቱ እንደተቀያየመ ቤት ይቁጠረው።

ሐኪም ቤት ደጋግሞ የሄደ ሰው ደግሞ የሄፓታይተስ ቫይረስን ስም ሰምቷል፤ ቢ እና ሲ የሚባሉትን። እነሱም አሉ፤ የሚያስፈሩም ናቸው። መጠጡም ጉበት ይበላል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ቫይረስ ያልተገኘባት፣ ጠላ እንኳ ለጥምቀት ብቻ የምትቀምስ እናት ጉበቷ ደርቆ ስትሞት ምን ልንል ነው? ጠጅ ቤት ደርሰው የማያውቁ ሐጂ በዚሁ በሽታ ሲሄዱስ? ያን ጊዜ «አበሏቸው» ከማለት ሌላ የምንለው የለንም። ምክንያቱም አራተኛውን በሽታ አናውቀውም።

አራተኛው በሽታ ድምፅ የለውም። አያስልም፣ አያተኩስም፣ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በተራ ቋንቋ የጉበት ስብ ነው፤ በየክሊኒኩ «ፋቲ ሊቨር» የሚሉት። ጉበት የስብ ጎተራ አይደለም። ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ስብ ከያዘ በሽታ ነው ይባላል። ከብዙ ሰው ላይ ስቡ እንዲሁ ተቀምጦ ይኖራል። ከአንዳንዱ ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ቁጣው ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው ዓመት በዓመት እየተደራረበ ጉበቱን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ሲሮሲስ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ሆድ ውኃ ይይዛል፣ ደም ያስመልሳል፤ ካንሰርም ከዚሁ ይነሳል። ለዚህ ሁሉ መነሻ ብርጭቆ መጨበጥ የግድ አይደለም።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች የሃያ ሕመምተኞችን ጉበት መርምረው፣ የጠጪ ጉበት የመሰለ ግን ጠጪ ያልሆኑ ሰዎች ጉበት ሆኖ አገኙትና ስም አወጡለት። ለአርባ ዓመት ያህል በሽታው «አልኮል ያላመጣው» እየተባለ ሲጠራ ኖሮ በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ቀየሩት። አሁን ስሙ ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከቦርጭና ከደም ቅባት ጋር ያለውን ዝምድና የሚናገር ነው። ስሙን ከቀየሩበት ምክንያት አንዱ የቀድሞው ስም በሽተኛውን ያሳፍራል መባሉ ነው። ፈረንጅ እንኳ የበሽተኛው ሐፍረት ገብቶት ስም ሲቀይር እኛ ግን ገና ስሙን አልጠራንም! ዛሬ በዓለም ላይ ካለው ጎልማሳ ከሩብ በላይ የሚሆነው ጉበቱ ላይ ስብ እንዳለ ይገመታል። ይህ እንግዲህ የጥቂት ቱጃሮች በሽታ አይደለም።

የእኛ ቤት ነገር

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩን መመርመር የጀመርኩት ቤታችን ስለገባ ነው።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምንለው፣ ዕድሜው 46 ነው። ሆዱን ሲቆርጠው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። አልትራሳውንድ አዘዙለት። «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ ቱ» የሚል ወረቀት ተሰጠው። ሐኪሙ «ቅባት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ» አለውና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ጋሼም ወረቀቱን አጥፎ ኮሞዲኖ ውስጥ ከተተው። በቃ!

ነገሩን የሰማሁት ከወራት በኋላ በጨዋታ መሐል ነው። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ስለ አባዬ ጠየቀህ?» አልኩት። «የምን አባዬ? እሱ የእኔን ሆድ ነው ያየው» አለኝ።

አባታችን ሲያርፍ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ስኳር ነበረበት። መጠጥ በፋሲካና በገና ካልሆነ አይቀምስም። በቀብሩ ላይ የተነበበው ወረቀት ግን ያው እንደ ሁሉ ሰው ወረቀት «ባደረበት ሕመም» ነው የሚለው። ለምን እንዲህ እንደተጻፈ እማዬን ብጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ። «አባታችሁን በጉበት ሞተ ብላችሁ በሰው ፊት እንዳታወሩ! ሰካራም ነበር እንዲሉት ነው?» አለችን። የባሏን ስም ለመጠበቅ ብላ ነው፤ አልፈርድባትም። እሷ የጠበቀችው ስም ግን አራት ልጆቿን ስለ ራሳቸው ደም ምንም ሳያውቁ እንዲኖሩ አድርጓቸዋል። በየከተማው እንዲህ ያለ ስንት ቤት አለ?

ደምና መሶብ

አሁን ሳይንሱ ምን ይላል? ወደሚለው ልለፍ።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች መንታ ወንድሞችንና እህቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት፣ በሰዎች መካከል ካለው የጉበት ስብና የጠባሳ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር የሚመጣ ነው ይላል። እዚያው የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2017 ደግሞ በዚህ በሽታ ሲሮሲስ ደረጃ የደረሱ ሰዎችን ወንድም፣ እህት፣ ልጅና ወላጅ ጠርተው መረመሩ። ከመቶው 18ቱ ጉበታቸው ላይ ከባድ ጠባሳ ተገኘባቸው። በበሽታው ያልተያዙ ሰዎች ዘመዶች ዘንድ ግን ቁጥሩ ከመቶ 1.4 ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው! እነዚህ ሰዎች ታመው የመጡ አይደሉም። ወንድማቸው ስለታመመ ብቻ ተጠርተው የተመረመሩ ናቸው። ባይጠሩ ኖሮ «ደህና ነኝ» እያሉ ይኖሩ ነበር።

በልጆችም ላይ ተሠርቷል። በ2009 በወጣ ጥናት ጉበታቸው ላይ ስብ የተገኘባቸው ልጆች ወንድሞችና እህቶች ሲመረመሩ ከመቶው 59ኙ፣ ወላጆቻቸው ደግሞ ከመቶው 78ቱ ስቡ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድንም በ2023 የታተመ ጥናት፣ የበሽተኞች የቅርብ ዘመዶች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ከደም የሚተላለፈው ነገር ምንድን ነው ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዳላስ የሚገኙ ሳይንቲስቶች ፒኤንፒኤልኤ3 የሚባል ጂን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ለውጥ ስቡን ጉበት ውስጥ እንደምታከማች አገኙ። ይቺን ለውጥ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሰው፣ ከአንዱ ብቻ ከወረሰው የበለጠ ይጎዳል። በ2018 ደግሞ በተቃራኒው ጉበትን የሚጠብቅ የጂን ለውጥ ተገኘ። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ቦርጭ ያላቸው ሁለት ባልንጀራሞች አንዱ ሲሮሲስ ሲይዘው ሌላው ምንም ሳይሆን የሚያረጀው። ቀጭን ሰውም ቢሆን አይተርፍም፤ ቀበቶው ሳይሰፋ ጉበቱ በስብ የተሞላ ሰው ጥቂት አይደለም።

ዳላስ ላይ የተገኘችው ለውጥ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹና ከላቲኖቹ ያነሰች ናት። ይህን ሰምቶ «እሰይ፣ እንግዲያው እኛን አይነካንም!» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ዘር ማለት ግማሹ ነው አልን። ሌላው ግማሽስ?

ሌላው ግማሽ መሶቡ ነው። ቤተሰብ ደም ብቻ አይደለም የሚጋራው። አንድ ድስት፣ አንድ ዘይት፣ አንድ የለስላሳ ሳጥን፣ አንድ ሶፋ ይጋራል። አባት ቴሌቪዥን ፊት ተጋድሞ ከዋለ ልጁም አጠገቡ ተጋድሞ ይውላል። «ብላ እንጂ! አልበላህም!» እየተባለ ጉርሻ ሲደራረብበት ያደገ ልጅ ጥጋብን በምን ሊያውቀው ይችላል? ቦርጭ ያወጣ ሰው ስናይ «አማረበት፣ ተመቸው» የምንል ሰዎች አይደለንም እንዴ?

መሶቡ ሲቀየር ደም ብቻውን እንደማያድን የራሳችን ወገኖች ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤሎች እዚያ ሲደርሱ ከሲታዎች ነበሩ፤ የስኳር በሽታ አያውቁም ማለት ይቻላል። ጥቂት ዓመታት ነጭ ዳቦና ለስላሳ ከቀመሱ በኋላ ግን በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር ስኳር መብዛቱን የእስራኤል ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጨረሻ መጻፍ ጀመሩ። ስኳር ደግሞ የጉበት ስብ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንዱ ባለበት ሌላውን መፈለግ ነው። የጎንደር ገበሬ ደም ያው የጎንደር ገበሬ ደም ነበር። የተቀየረው መሶቡ ነው። የአዲስ አበባ ሰው መሶብስ አልተቀየረም?

መሶባችንን ማን ቀየረው? እኛ ብቻ አይደለንም። ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲታደለን የኖረው ዘይት የፓልም ዘይት ነው። ደሃው ተሰልፎ፣ ኩፖኑን አሳይቶ፣ አመስግኖ ነው የተቀበለው። የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች 39 ጤነኛ ወጣቶችን ለሁለት ከፍለው ለሰባት ሳምንት ኬክ አበሏቸው፤ ለአንዱ ክፍል በፓልም ዘይት፣ ለሌላው በሱፍ ዘይት የተጋገረ። ክብደታቸው እኩል ጨመረ። ጉበታቸው ላይ በብዙ የጨመረው ስብ ግን የፓልም በሉዎቹ ነው። ይህ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዘይቱን ሲያመጡልን ስለ ዋጋው ብዙ ተነገረን። ስለ ጉበታችን የነገረን አለ?

የሦስት ቁጥር ሒሳብ

«ታዲያ ምን ይደረግ? ይህ ሁሉ ምርመራ ገንዘብ ይፈልጋል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እንደዚያ አይደለም።

ማንኛውም ሰው ክሊኒክ ሲሄድ ደሙን ይሰጣል። በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉ የጉበት ቁጥሮች፣ ፕላትሌት የሚባል የደም ቁጥርም ይጻፋሉ። ከእነዚህ ከሦስቱና ከዕድሜ «ፊብ-4» የምትባል ሒሳብ ትሠራለች። ዕድሜን በኤኤስቲ ታባዛለህ። ፕላትሌቱን (በሺህ የተቆጠረውን) በኤኤልቲው ስኩዌር ሩት ታባዛለህ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ። አለቀ! ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት ሩጥ ነው። በመካከል ከሆነ የጉበትን ድርቀት በሚለካው መሣሪያ ይጣራ ማለት ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት የታችኛው ወሰን 1.3 መሆኑ ይቀርና 2 ይሆናል፤ ከ35 በታች ለሆኑት ደግሞ ሒሳቧ ብዙም አትታመንም።

የጋሼን የድሮ ወረቀት ከኮሞዲኖው አውጥቼ ሠራሁት። ዕድሜ 46፣ ኤኤስቲ 72፣ ኤኤልቲ 81፣ ፕላትሌት 184 ሺህ። 46 ሲባዛ በ72፣ 3312። የ81 ስኩዌር ሩት 9 ነው፤ 184 ሲባዛ በ9፣ 1656። ሲካፈል 2። ቁጥሩ የከረመው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ገንዘቡም ተከፍሎበታል። ያልተሠራው ማካፈሉ ብቻ ነበር! ጋሼ በመሣሪያው ሲለካ ጠባሳው መጀመሩ ታየ። ከዚያ ሦስታችንም ተመረመርን። ከሁላችን ቀጭኗ እህታችን ጉበቷ ላይ ስብ፣ ደሟ ውስጥም ስኳር ተገኘ። ከእሷ ይልቅ እኔን ነበር ሁሉም የጠረጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የኤኤልቲ ቁጥር «ኖርማል» መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ «ጉበቴን ታየሁ፣ ደህና ነው ተባልኩ» ብሎ መተኛት አይቻልም። በተለይ ቤቱ ውስጥ ሲሮሲስ የነበረበት፣ ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት ሰው።

«መድኃኒት ከሌለው ማወቁ ምን ያደርጋል?»

ይህን ጥያቄ ከተማረውም ካልተማረውም ሰምቼዋለሁ። ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ነው። ሲወጣ ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት ከ47 ሺህ ዶላር በላይ ነበር! በነሐሴ 2025 ደግሞ ለስኳርና ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ ለዚህም እንዲውል ተፈቀደ። እኛ እነዚህን እስክናገኝ ብንጠብቅ ጉበታችን አይጠብቀንም።

ግን መድኃኒት የለውም ማለት ውሸት ነው። ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ የቀነሰ ሰው ጉበቱ ላይ ያለው ስብ ይቀንሳል። ሰባት እጅ የቀነሰ የጉበቱ ቁጣ ይበርዳል። አሥር እጅና ከዚያ በላይ የቀነሰ ደግሞ ጠባሳው ሳይቀር ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው አሥር እጅ ማለት ስምንት ኪሎ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ዶላር አይጠይቅም። ለስላሳ መተው፣ ዘይቱን መቀነስ፣ መጠጡን መተው፣ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ነው። ጾሙም ቢሆን ዘይት በዘይት በሆነ ሽሮና በሳምቡሳ ካልተበላሸ ያግዛል። ቡናችንም ቢሆን ወዳጅ ነው፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳው ያነሰ መሆኑን በርካታ ጥናቶች ይናገራሉ። ስኳሩን በማንኪያ ካልከመርንበት ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። ጉበቱ ላይ ስብ ያለበትን ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገድለው ልቡ ነው። ስለዚህ ስቡን ማወቅ ለልብም ማስጠንቀቂያ ነው። ጠጪውም ቢሆን ወራሽ መሆኑን ቢያውቅ ብርጭቆውን አንዴ ያስብበታል። ስብ ባለበት ጉበት ላይ አልኮል ሲጨመር እሳት ላይ ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው።

«ወባና ቲቢ እያለ የስብ ነገር ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። ወባውንም ቲቢውንም አታክሙ ያለ የለም። ሦስት ቁጥር ማካፈል ከወባ በጀት ላይ ስንት ብር ይወስዳል? «የበሽተኛ ምስጢር ነው» ለሚሉትም መልስ አለ። ሐኪም ሄዶ ለዘመድ ይንገር አላልኩም። በሽተኛውን «ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፤ ወንድሞችህንና ልጆችህን ንገራቸው» ይበለው ነው። የአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ በዚህ በሽታ ሲሮሲስ የያዘው ሰው የቅርብ ዘመዶች ስለ አደጋው ሊነገራቸውና የጠባሳ ምርመራ ሊቀርብላቸው ይገባል ብሏል። ይህን ለመናገር ምላስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከማን ምን እንጠብቅ?

መንግሥት ቤተሰብን መቁጠር አቅቶት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቤቱ «የቤተሰብ ፎልደር» ከፍቷል፤ አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክ እየተዛወረ ነው። እህቶቻችን በር እያንኳኩ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ? ልጁ ተከትቧል ወይ? ይሉናል፤ ደግም አደረጉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ሰው የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ መዋጮውንም የሚሰበስበው ከቤተሰብ ነው። ገንዘብ ሲሰበሰብ ቤተሰብ፣ በሽታ ሲመረመር ግለሰብ! ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ያው ፎልደር ውስጥ ከሽንት ቤቱ ጎን «በዚህ ቤት በጉበት፣ በስኳር፣ በልብ የታመመ ወይም የሞተ አለ ወይ?» የምትል አንዲት መስመር ትኑርበት፤ መልሷም ለምርመራ ትዋል።

የግል ክሊኒኮችም እንዲሁ። አልትራሳውንዱን ለማስከፈል የፈጠነ እጅ ፊብ-4ን ለማስላት ለምን ይዝላል? የደም ውጤቱን የሚያትመው ኮምፒዩተር ያቺን አንዲት ቁጥር ከሥር እንዲጨምር ማድረግ የባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሐኪሙም «አባትህ በምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ከአልትራሳውንዱ በፊት የሚመጣ፣ ዋጋውም ነፃ የሆነ ምርመራ ነው።

በቤት ውስጥ በጉበት የሞተ ካለ ደግሞ ስብ ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ በዚያው ደም ሄፓታይተስ ቢም ይታይ። እሱም በቤተሰብ ይሄዳል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወለድ ይተላለፋል። ክትባቱ ወደ አገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም።

የቀረው የእኛ የቤተሰቦች ድርሻ ነው። በሚቀጥለው ሰንበቴ ወይም በዓመት በዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አንድ ሰው ደፍሮ ያንሳው። አያታችን በምን ሞቱ? አክስታችን ሆዷ ያበጠው ለምን ነበር? ስኳር ያለበት ማን ነው? አሮጌ ወረቀት ያለው ያምጣ። እናቶች ቢቆጡም በእርጋታ ይነገራቸው፤ ጉበት የታመመ ሁሉ ሰካራም አይደለም፤ በሽታም ነውር አይደለም። ነውሩ እያወቁ ልጅን አለመንገር ነው። የጋሼ የመጀመሪያ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር አባቱ አስቀምጦ ስለ አያቱም ስለ ራሱም ጉበት ነግሮታል። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ለዚህ ጥያቄ እያንዳንዱ ቤት ከወዲሁ መልሱን ያዘጋጅ። ቸር ይግጠመን!